የማቀዝቀዣ ጋዞች ባሕርይና የሙቀት ዝውውር፦ ለሐዋሳ ከተማ ተገልጋዮች የቀረበ ማብራሪያ

መግቢያ

ማቀዝቀዣ በሐዋሳ ከተማ የዕለት ተዕለት ኑሮ ውስጥ ሰፊ ቦታ ይዟል። በመኖሪያ ቤት ፍሪጅ፣ በሥጋ ቤትና በዓሣ መሸጫ ዲፕ ፍሪዘር፣ በሆቴሎች የአየር ማቀዝቀዣ (ኤሲ)፣ በጤና ተቋማት የክትባት ማስቀመጫ እንዲሁም በኢንዱስትሪ ሥራ ላይ ይውላል። እነዚህን መሣሪያዎች ሁሉ የሚያመሳስላቸው በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ያለማቋረጥ የሚዘዋወር የማቀዝቀዣ ጋዝ መኖሩ ነው። በገበያ ላይ ይህ ጋዝ በተለምዶ «ፍሬዎን» ወይም በአጭሩ «ጋዝ» እየተባለ ቢጠራም፣ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ባሕርዩም እንደየዓይነቱ ይለያያል።

የጋዙን ዓይነት ማወቅ ለተጠቃሚው በሦስት ምክንያቶች ጠቃሚ ነው። አንደኛ፣ ተገቢ ያልሆነ ጋዝ የተሞላበት መሣሪያ ብዙ ኤሌክትሪክ ይፈጃል፤ ፈጥኖም ይበላሻል። ሁለተኛ፣ በአሁኑ ጊዜ በስፋት ወደ ገበያ የሚገቡት ጋዞች አንዳንዶቹ ተቀጣጣይ በመሆናቸው ጥንቃቄ የጎደለው ጥገና ለሕይወትና ለንብረት አደጋ ይዳርጋል። ሦስተኛ፣ ከቀድሞዎቹ ጋዞች ከፊሎቹ የኦዞንን ንጣፍ የሚጎዱ ወይም የምድርን ሙቀት የሚጨምሩ ስለሆኑ ኢትዮጵያ በተቀበለቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች መሠረት አቅርቦታቸው ደረጃ በደረጃ እየቀነሰ ነው። ይህ ማብራሪያ የጋዞቹን ባሕርይ፣ ሙቀት በማቀዝቀዣ ውስጥ የሚዘዋወርበትን መንገድ፣ የከተማዋ ከፍታ በሥራው ላይ ያለውን ተጽዕኖ እና ተገልጋዩ ሊያደርገው የሚገባውን ጥንቃቄ በቅደም ተከተል ያቀርባል።

1. ማቀዝቀዣ እንዴት ይሠራል?

ማቀዝቀዣ ቅዝቃዜን አይፈጥርም፤ የሚሠራው ሥራ ሙቀትን ከውስጥ አንሥቶ ወደ ውጭ ማውጣት ነው። ይህን የሚያደርገው አንድ ፈሳሽ ወደ ጋዝነት ሲለወጥ ከአካባቢው ሙቀት የሚወስድ፣ ጋዙ ተመልሶ ፈሳሽ ሲሆን ደግሞ የወሰደውን ሙቀት የሚለቅ መሆኑን በመጠቀም ነው። በእጅ ላይ የፈሰሰ አልኮል ሲተን የሚሰማው ቅዝቃዜ፣ በእንስራ ውስጥ ያደረ ውኃ ቀዝቅዞ መገኘቱም ከዚሁ የተፈጥሮ ሕግ የመነጩ ናቸው።

የአንድ ማቀዝቀዣ ዑደት አራት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት፦

• ኮምፕረሰር (በተለምዶ «ሞተር» የሚባለው)፦ ጋዙን ጨምቆ ግፊቱንና ሙቀቱን ከፍ ያደርጋል።
• ኮንዴንሰር፦ ከፍሪጁ ጀርባ ወይም ጎን የሚገኝ ቧንቧ ሲሆን፣ የሞቀው ጋዝ ሙቀቱን ለክፍሉ አየር ሰጥቶ ወደ ፈሳሽነት የሚለወጥበት ነው።
• ካፒላሪ ቱቦ ወይም የማስፋፊያ ቫልቭ፦ የፈሳሹን ግፊት በድንገት ዝቅ በማድረግ እንዲቀዘቅዝ ያደርጋል።
• ኢቫፖሬተር፦ ቀዝቃዛው ፈሳሽ ከምግቡና ከውስጡ አየር ሙቀት ወስዶ የሚተንበት ክፍል ነው።

ጋዙ ከኢቫፖሬተር ወጥቶ ወደ ኮምፕረሰር ሲመለስ ዑደቱ እንደገና ይጀምራል። ጋዙ በዚህ ሂደት አያልቅም። በመሆኑም የፍሪጅ ጋዝ «በአገልግሎት ብዛት አለቀ» የሚባለው አነጋገር ትክክል አይደለም። ጋዝ ከቀነሰ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው፤ ቀዳዳው ሳይፈለግና ሳይደፈን በየጊዜው ጋዝ ማስሞላት ገንዘብን ከማባከን የዘለለ ውጤት የለውም።

2. ጋዙ የሚመረጠው በምን ባሕርይ ነው?

አንድ ንጥረ ነገር ለማቀዝቀዣነት የሚመረጠው የሚከተሉት ባሕርያት ተመዝነው ነው።

የመፍያ ሙቀት፦ ጋዙ በመደበኛ የከባቢ አየር ግፊት ከዜሮ በታች በሆነ ሙቀት መፍላት አለበት። ለምሳሌ አር-134ኤ የሚፈላው ከዜሮ በታች በ26 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ አር-600ኤ ከዜሮ በታች በ12 ዲግሪ ገደማ፣ አሞኒያ ደግሞ ከዜሮ በታች በ33 ዲግሪ ነው።

ድብቅ ሙቀት፦ አንድ ኪሎ ግራም ፈሳሽ ሲተን የሚወስደው የሙቀት መጠን ነው። በየራሳቸው የመፍያ ሙቀት አር-134ኤ ወደ 217 ኪሎ ጁል፣ አር-600ኤ ወደ 366 ኪሎ ጁል፣ አሞኒያ ደግሞ ወደ 1,370 ኪሎ ጁል ይወስዳሉ። አሞኒያ ከመቶ ዓመት በላይ በትላልቅ የበረዶ ፋብሪካዎችና የቅዝቃዜ መጋዘኖች ተመራጭ ሆኖ የቆየበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የእንፋሎቱ እፍግታ፦ ኮምፕረሰሩ በእያንዳንዱ ዙር የሚስበው የጋዝ ክብደት በዚህ ይወሰናል። የአር-600ኤ እንፋሎት ስስ በመሆኑ ተመሳሳይ የማቀዝቀዝ ሥራ ለመሥራት ከአር-134ኤ የሰፋ ሲሊንደር ያለው ኮምፕረሰር ያስፈልገዋል። ስለሆነም አንዱን ጋዝ ለሌላው በተሠራ ኮምፕረሰር ውስጥ መሙላት አይቻልም።

ከዘይት ጋር ያለው ስምምነት፦ ኮምፕረሰሩን የሚያለሰልሰው ዘይት ከጋዙ ጋር አብሮ ይዘዋወራል። አር-12 እና አር-22 ከማዕድን ዘይት ጋር ሲሠሩ፣ አር-134ኤ የሚፈልገው ኤስተር የሚባለውን ሰው ሠራሽ ዘይት ነው። ዘይቱ ካልተስማማ ወደ ኮምፕረሰሩ ሳይመለስ በኢቫፖሬተር ውስጥ ይቀራል፤ የቧንቧውን ግድግዳ ሸፍኖ የሙቀት ዝውውርን ያዳክማል፤ ኮምፕረሰሩም ይደርቃል።

ደኅንነትና የአካባቢ ተጽዕኖ፦ መርዛማነቱ፣ ተቀጣጣይነቱ፣ የኦዞንን ንጣፍ የመጉዳት አቅሙ እና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲነጻጸር ምድርን የማሞቅ አቅሙ ይመዘናል።

3. በሥራ ላይ የሚገኙ ዋና ዋና ጋዞች

ቀጥሎ የተመለከቱት የማሞቅ አቅም ቁጥሮች በመቶ ዓመት ስሌት አንድ ኪሎ ግራም ጋዝ ከስንት ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር እንደሚመጣጠን ያሳያሉ።

• አር-12፦ ክሎሪን ያለው የቀድሞ ጋዝ ሲሆን ኦዞንን የመጉዳት አቅሙ 1፣ የማሞቅ አቅሙ 10,900 ነው። በታዳጊ አገሮች ምርቱና ፍጆታው እ.ኤ.አ. በ2010 እንዲቆም ተደርጓል።
• አር-22፦ በቆዩ የአየር ማቀዝቀዣዎች ውስጥ ይገኛል። ኦዞንን የመጉዳት አቅሙ 0.055፣ የማሞቅ አቅሙ 1,810 ነው።
• አር-134ኤ፦ በፍሪጆችና በተሽከርካሪ ማቀዝቀዣዎች የተለመደ ነው። ኦዞንን አይጎዳም፤ የማሞቅ አቅሙ ግን 1,430 ነው።
• አር-404ኤ፦ በንግድ ማቀዝቀዣዎች የሚገኝ ድብልቅ ሲሆን የማሞቅ አቅሙ 3,922 ነው።
• አር-410ኤ፦ በአየር ማቀዝቀዣዎች የሚገኝ ድብልቅ ነው። የማሞቅ አቅሙ 2,088 ሲሆን፣ የሚሠራበት ግፊት ከአር-22 በ60 በመቶ ገደማ ይበልጣል።
• አር-32፦ በአዳዲስ የአየር ማቀዝቀዣዎች እየተለመደ የመጣ፣ በመጠኑ ተቀጣጣይ የሆነ ጋዝ ነው። የማሞቅ አቅሙ 675 ነው።
• አር-600ኤ (አይሶቡቴን) እና አር-290 (ፕሮፔን)፦ ከተፈጥሮ የሚገኙ ጋዞች ናቸው። ኦዞንን አይጎዱም፤ የማሞቅ አቅማቸውም እጅግ አነስተኛ ነው፤ ሆኖም በቀላሉ ይቀጣጠላሉ።
• አር-717 (አሞኒያ)፦ ኦዞንንም ሆነ የምድርን ሙቀት አይነካም። መርዛማ ስለሆነ በሠለጠነ ባለሙያ በሚጠበቁ ትላልቅ ተቋማት ብቻ ጥቅም ላይ ይውላል።

4. ምርምሩ የሄደበት መንገድ

የማቀዝቀዣ ጋዝ ታሪክ አንዱን ችግር ሲፈቱ ሌላው የተከሰተበት ነው። ጃኮብ ፐርኪንስ እ.ኤ.አ. በ1834 በለንደን የመጀመሪያውን የጋዝ መጭመቂያ ማቀዝቀዣ የፈጠራ መብት ሲያስመዘግብ የተጠቀመው ተቀጣጣይ የሆነውን ኤተር ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት አሞኒያ፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይድና ሜታይል ክሎራይድ መርዛማ በመሆናቸው በመኖሪያ ቤቶች ውስጥ ለሞት የሚያበቁ አደጋዎችን አስከትለዋል። እ.ኤ.አ. በ1928 በቶማስ ሚጅሌይ የሚመራው የአሜሪካ ቡድን የማይቀጣጠሉና መርዝነት የሌላቸውን የክሎሮፍሎሮካርቦን ጋዞች ሲያቀርብ ችግሩ የተፈታ መስሎ ነበር።

ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1974 ማሪዮ ሞሊና እና ሸርውድ ሮውላንድ እነዚህ ጋዞች ሳይበታተኑ ወደ ላይኛው ከባቢ አየር እንደሚደርሱ፣ በዚያም የፀሐይ ጨረር ሲሰባብራቸው የሚወጣው ክሎሪን ኦዞንን እንደሚያፈርስ አመለከቱ። እ.ኤ.አ. በ1985 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በአንታርክቲካ ሰማይ ላይ የኦዞን ንጣፍ በከፍተኛ ደረጃ መሳሳቱን በልኬት አረጋገጡ። የኦዞን ንጣፍ ከፀሐይ የሚመጣውን ጎጂ የአልትራቫዮሌት ጨረር የሚያጣራ በመሆኑ መሳሳቱ የቆዳ ካንሰርንና የዓይን ሞራን ያባብሳል፤ ሰብልንም ይጎዳል። ሞሊና እና ሮውላንድ ከፖል ክሩትዘን ጋር እ.ኤ.አ. በ1995 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ቀጥለው የመጡት እንደ አር-134ኤ ያሉ ጋዞች ክሎሪን ስለሌላቸው የኦዞኑን ችግር ፈቱ፤ የምድርን ሙቀት በመጨመር ግን ሌላ ጥያቄ አስነሡ። በአይሶቡቴን የሚሠሩ የቤት ፍሪጆች እ.ኤ.አ. በ1993 በጀርመን ለገበያ ከቀረቡ ወዲህ ትኩረቱ ወደ ተፈጥሯዊ ጋዞች ተመልሷል። የዛሬው ምርምር በዋናነት ሁለት ነገሮችን ይከተላል። አንደኛው ተቀጣጣይ ጋዝን በአነስተኛ መጠን ተጠቅሞ ብዙ ሙቀት ማውጣት ነው። ሁለተኛው በቧንቧው ግድግዳ ላይ ያለውን የሙቀት ዝውውር ማሻሻል ሲሆን፣ ለዚህም ውስጣቸው በጥቃቅን ጎድጓዶች የተሸነተረ ቧንቧዎችና እጅግ ቀጫጭን መተላለፊያ ያላቸው የአልሙኒየም ኮንዴንሰሮች ጥቅም ላይ ውለዋል። ቀጭኑ መተላለፊያ የሚይዘው ጋዝ ትንሽ፣ ከአየር ጋር የሚገናኘው ገጽ ግን ሰፊ ስለሆነ ሁለቱንም ዓላማዎች ያገለግላል።

5. የሐዋሳ ከፍታ በማቀዝቀዣ ላይ ያለው ተጽዕኖ

ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ በ1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በባሕር ወለል ላይ 101.3 ኪሎ ፓስካል የሆነው የከባቢ አየር ግፊት በዚህ ከፍታ ወደ 82.5 ኪሎ ፓስካል ዝቅ ይላል። በከተማዋ ውኃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ልዩነት በማቀዝቀዣ ሥራ ላይ ሦስት ተግባራዊ ውጤቶች አሉት።

5.1 የግፊት መለኪያ ንባብ

በጥገና ሥራ ላይ የሚውለው የግፊት መለኪያ (ጌጅ) የሚያሳየው የጋዙን ሙሉ ግፊት ሳይሆን ከአካባቢው አየር ግፊት ጋር ያለውን ልዩነት ነው። የጋዙን ግፊትና ሙቀት የሚያዛምዱት ሠንጠረዦች ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋጁት ለባሕር ወለል ነው።

ለምሳሌ የአር-134ኤ ፍሪጅ ኢቫፖሬተር ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ሲሠራ የጋዙ ሙሉ ግፊት 132.7 ኪሎ ፓስካል ነው። ይህ በባሕር ወለል በመለኪያው ላይ 4.6 ፒኤስአይ ሆኖ ሲነበብ፣ በሐዋሳ 7.3 ፒኤስአይ ሆኖ ይነበባል። በሠንጠረዡ መሠረት 4.6 ላይ ሲደርስ ጋዝ መሙላቱን የሚያቆም ባለሙያ በሐዋሳ ፍሪጁን ከዜሮ በታች ወደ 23.5 ዲግሪ በሚወስድ ግፊት ላይ ይተወዋል፤ ይህም የጋዝ እጥረት ማለት ነው። ውጤቱም ኮምፕረሰሩ ሳያርፍ እየሠራ ፍሪጁ ግን በሚገባ አለማቀዝቀዙ ነው።

ልዩነቱ በአር-600ኤ ላይ ይበልጥ ይጎላል። በተመሳሳይ ሙቀት የዚህ ጋዝ ሙሉ ግፊት 72 ኪሎ ፓስካል ገደማ ስለሆነ ከከባቢ አየር ግፊት በታች ነው። መለኪያው በባሕር ወለል ከዜሮ በታች 29 ኪሎ ፓስካል ሲያሳይ በሐዋሳ የሚያሳየው ከዜሮ በታች 10 ኪሎ ፓስካል ብቻ ነው። መስመሩ ቀዳዳ ካለውም ጋዙ ከመውጣቱ ይልቅ እርጥበት ያለው አየር ወደ ውስጥ ይገባል።

አስተማማኙ መፍትሔ በመለኪያ ንባብ ላይ ብቻ ሳይመኩ በመሣሪያው የመረጃ ሰሌዳ ላይ በተጻፈው የግራም መጠን መሠረት ጋዙን በዲጂታል ሚዛን መዝኖ መሙላት ነው። ግራም በከፍታ ምክንያት አይለወጥም።

5.2 አየር የማውጣት (ቫኪዩም) ሥራ

ጋዝ ከመሞላቱ በፊት በቧንቧው ውስጥ ያለው አየርና እርጥበት በፓምፕ መውጣት አለበት። በባሕር ወለል ሙሉ ባዶነት በመለኪያው ላይ ወደ 30 ኢንች ሜርኩሪ ሆኖ ይነበባል። በሐዋሳ ግን መለኪያው ከ24.4 ኢንች ሊያልፍ አይችልም። መለኪያው 30 ባለመድረሱ ፓምፑ እንደተበላሸ መቁጠር ስሕተት ነው። በተቃራኒው ንባቡ 22 ወይም 23 ሲደርስ «በቂ ነው» ብሎ ማቆምም ስሕተት ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀት ውኃ ተኖ እንዲወጣ ሙሉ ግፊቱ ከ2.3 ኪሎ ፓስካል በታች መውረድ ስላለበት፣ 23 ኢንች ላይ የቀረው ግፊት የዚህን እጥፍ ያህል ነው። በቧንቧው ውስጥ የቀረ እርጥበት በካፒላሪ ቱቦው ጫፍ በረዶ ሆኖ መስመሩን ይዘጋል፤ ከዘይቱ ጋር ተዋሕዶም አሲድ ይፈጥራል። ስለዚህ ከከፍታ ጋር የማይለዋወጥ፣ ሙሉ ግፊትን የሚለካ የኤሌክትሮኒክ የቫኪዩም መለኪያ መጠቀም ይመከራል።

5.3 ኮንዴንሰሩ ሙቀት የሚያወጣበት አቅም

በሐዋሳ የአየሩ እፍግታ ሙቀቱ ተመሳሳይ ከሆነ የባሕር ወለል አየር ጋር ሲነጻጸር 18 በመቶ ያህል ያነሰ ነው። ፋን በደቂቃ የሚገፋው የአየር ስፋት እኩል ቢሆንም ክብደቱ ስለሚያንስ ተሸክሞ የሚወስደው ሙቀትም ያንሳል። ኮንዴንሰሩ ሙቀቱን በሚገባ ካላወጣ በውስጡ ያለው ጋዝ ይበልጥ ይሞቃል፤ ኮምፕረሰሩም ይበልጥ ይደክማል። በንድፈ ሐሳብ ስሌት ኢቫፖሬተሩ ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ የሚሠራ ማቀዝቀዣ የኮንዴንሰሩ ሙቀት ከ45 ወደ 55 ዲግሪ ከፍ ቢል ለተመሳሳይ የማቀዝቀዝ ሥራ የሚያስፈልገው ኃይል 15 በመቶ ያህል ይጨምራል።

ከፍታውን መቀየር አይቻልም፤ ተጠቃሚው ግን በእጁ ያለውን ማስተካከል ይችላል። ፍሪጁን ከግድግዳ ማራቅ፣ ከምድጃና ከፀሐይ ብርሃን ማሸሽ፣ በኮንዴንሰሩ ላይ የተከማቸውን አቧራ በየጊዜው ማጽዳት ወጪ የማይጠይቁ እርምጃዎች ናቸው።

6. ቅዝቃዜና የሐዋሳ ሐይቅ ዓሣ

በአሞራ ገደል የሚሸጡት ቆሮሶና አምባዛ ከውኃ ከወጡበት ጊዜ ጀምሮ መበላሸት ይጀምራሉ። የብልሽቱ ፍጥነት በሙቀት መጠን ስለሚወሰን ዓሣውን ፈጥኖ ወደ ዜሮ ዲግሪ ማውረድ ለሸማቹ ጤናም ሆነ ለአሥጋሪው ገቢ ወሳኝ ነው።

በረዶ ሲቀልጥ በኪሎ ግራም 334 ኪሎ ጁል ሙቀት ይወስዳል። በ25 ዲግሪ ሙቀት ላይ ያለ 10 ኪሎ ግራም ዓሣን ወደ ዜሮ ለማውረድ 900 ኪሎ ጁል ያህል መውጣት ስላለበት ቢያንስ 2.7 ኪሎ ግራም በረዶ ያስፈልጋል። ከአየሩና ከዕቃው የሚገባው ሙቀት ሲታከል መጠኑ ስለሚጨምር በሞቃት አካባቢ ለአንድ ኪሎ ግራም ዓሣ አንድ ኪሎ ግራም በረዶ መያዝ የተለመደ መመሪያ ነው። በረዶው ከንጹሕ ውኃ የተሠራና ተደቅቆ ዓሣውን በሁሉም ጎን የሚነካ ሊሆን ይገባል፤ በትላልቅ ቁራጭ በረዶና በዓሣው መካከል የሚቀረው አየር የሙቀት ዝውውሩን ያዘገያል። የቀለጠው ውኃም እንዲፈስ መደረግ አለበት።

ብዙ ትኩስ ዓሣ ወይም ሥጋ በአንድ ጊዜ በቤት ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ ማጨቅ አይመከርም። የቤት ፍሪዘር በዋናነት የተሠራው የቀዘቀዘውን ጠብቆ ለማቆየት በመሆኑ መሐል ላይ ያለው ክፍል እስኪቀዘቅዝ ድረስ ብልሽቱ ሊጀምር ይችላል።

7. ዓለም አቀፍ ግዴታዎችና የአገር ውስጥ ሕግ

የኦዞን ንጣፍ ጥበቃ የቪየና ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1985፣ የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1987 ተፈርመዋል። ኢትዮጵያ ሁለቱንም እ.ኤ.አ. በ1994 ተቀብላለች። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የኦዞን ንጣፍ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 716 ለዚህ ግዴታ አፈጻጸም የሕግ መሠረት ነው። ፕሮቶኮሉ አባል አገሮች የእነዚህን ጋዞች ገቢና ወጪ ንግድ በፈቃድ ሥርዓት እንዲቆጣጠሩ ያስገድዳል።

በፕሮቶኮሉ የጊዜ ሰሌዳ መሠረት ታዳጊ አገሮች አር-22ን ጨምሮ የዚህን ምድብ ጋዞች ፍጆታ ከመነሻው እ.ኤ.አ. በ2015 በ10 በመቶ፣ በ2020 በ35 በመቶ፣ በ2025 በ67.5 በመቶ መቀነስ ያለባቸው ሲሆን፣ ከ2030 በኋላ ነባር መሣሪያዎችን ለመጠገን የሚሆን አነስተኛ መጠን ብቻ ይፈቀዳል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረሰበት የኪጋሊ ማሻሻያ አር-134ኤን፣ አር-404ኤን፣ አር-410ኤን እና አር-32ን የመሳሰሉ ምድር አሞቂ ጋዞችን ይመለከታል። ኢትዮጵያ ማሻሻያውን እ.ኤ.አ. በ2019 አጽድቃለች። ኢትዮጵያ በምትገኝበት የአገሮች ምድብ ፍጆታው ከ2024 ጀምሮ ባለበት እንዲቆም፣ በ2029 በ10 በመቶ፣ በ2045 ደግሞ በ80 በመቶ እንዲቀንስ ተወስኗል።

ይህ ማለት በእጅ ያለ መሣሪያ ይወረሳል ማለት አይደለም። ሆኖም ለቆዩ መሣሪያዎች የሚሆነው ጋዝ ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰና እየተወደደ ስለሚሄድ ዛሬ በርካሽ የተገዛ ያገለገለ የአር-22 አየር ማቀዝቀዣ ነገ ለጥገና ሊያስቸግር ይችላል።

8. መሣሪያ ሲገዛ ሊታዩ የሚገባቸው ነጥቦች

• የመረጃ ሰሌዳውን ማንበብ፦ በመሣሪያው ጀርባ፣ በኮምፕረሰሩ አጠገብ ወይም በውስጥ በኩል የተለጠፈው ሰሌዳ የጋዙን ዓይነትና በግራም የተገለጸውን መጠን ያሳያል። ሰሌዳው የተፋቀ ወይም የተነሣ ከሆነ ሻጩን ማብራሪያ መጠየቅ ያስፈልጋል።
• የአየር ንብረት ምድብ፦ በሰሌዳው ላይ በላቲን ፊደላት የሚጻፈው «ኤን» የክፍሉ ሙቀት እስከ 32፣ «ኤስቲ» እስከ 38፣ «ቲ» እስከ 43 ዲግሪ ሲሆን መሥራት እንደሚችል ያመለክታል። ለሞቃት ወጥ ቤትና ለንግድ ቤት «ኤስቲ» ወይም «ቲ» ይመረጣል።
• የእሳት ምልክት፦ በቢጫ ሦስት ማዕዘን ውስጥ የእሳት ነበልባል የሚያሳይ ምልክት ካለ ጋዙ ተቀጣጣይ ነው። ይህ የመሣሪያው ጉድለት ምልክት አይደለም፤ ለጥገናው ልዩ ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ ማሳወቂያ ነው።
• ያገለገለ ዕቃ፦ የቀድሞ ጥገናው ታሪክ፣ የተቀየረ ኮምፕረሰር መኖሩና አሁን በውስጡ ያለው ጋዝ በሰሌዳው ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆኑ መረጋገጥ አለበት።

9. በአጠቃቀምና በጥገና ጊዜ የሚደረግ ጥንቃቄ

መብራት ሲቋረጥ ፍሪጁን ከሶኬት መንቀል፣ ከተመለሰም በኋላ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ቆይቶ ማብራት ይመከራል። በቧንቧው ሁለት ወገን ያለው ግፊት ሳይመጣጠን የሚነሣ ኮምፕረሰር ከፍተኛ ጭነት ስለሚገጥመው ሊቃጠል ይችላል። የኃይል መዋዠቅ ባለበት አካባቢ ስታብላይዘር መጠቀም ተገቢ ነው።

በኢቫፖሬተሩ ላይ የተጋገረ አመዳይ ሙቀትን በሚገባ ስለማያስተላልፍ እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ቅዝቃዜው ወደ ምግቡ እንዳይደርስ ያግዳል። አመዳዩን ፍሪጁን አጥፍቶ እንዲቀልጥ በማድረግ ማስወገድ እንጂ በቢላዋ ወይም በስለታም ነገር መፈቅፈቅ አይገባም። በየጊዜው ቧንቧቸው የሚበሳው ፍሪጆች ብዙዎቹ ጉዳት የሚደርስባቸው በዚህ መንገድ ነው፤ ጋዙ ተቀጣጣይ ከሆነ ደግሞ አደጋው ከፍሪጁ ያልፋል።

የአር-600ኤ ጋዝ ከአየር ጋር ሲቀላቀል ድርሻው 1.8 በመቶ ከደረሰ ሊቀጣጠል ይችላል። ክብደቱ የአየር እጥፍ ያህል በመሆኑ ሲያፈስ ወለል ላይ ይተኛል። ቡና የሚፈላበት የከሰል ምድጃና የዕጣን ማጨሻ የሚቀመጡትም ወለል ላይ ነው። ስለሆነም ተቀጣጣይ ጋዝ ያለው ፍሪጅ ቧንቧው ከተበሳ፣ እሳት ማጥፋት፣ በርና መስኮት መክፈት፣ ሰዎችን ከክፍሉ ማስወጣት፣ የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ አለመንካት እና ባለሙያ መጥራት ያስፈልጋል።

የጥገና ባለሙያዎች የሚከተሉትን እንዲያከብሩ፣ ተገልጋዮችም እንዲጠይቁ ይመከራል፦

• ተቀጣጣይ ጋዝ የነበረበትን ቧንቧ ጋዙ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣና መስመሩ በናይትሮጅን ሳይጸዳ በእሳት አለመበየድ፤
• በአር-134ኤ ወይም በአር-22 መሣሪያ ውስጥ የማብሰያ ቡታጋዝ ወይም ሌላ ተቀጣጣይ ጋዝ አለመሙላት፤
• እንደ አር-404ኤ እና አር-410ኤ ያሉ ድብልቅ ጋዞችን በፈሳሽነታቸው መሙላት፤ በእንፋሎት ከተሞሉ የድብልቁ ምጣኔ ይለወጣልና፤
• አሮጌውን ጋዝ ወደ አየር ከመልቀቅ ይልቅ በመሰብሰቢያ መሣሪያ ወደ ሲሊንደር መመለስ፤ ወደ አየር የተለቀቀ አንድ ኪሎ ግራም አር-22 ከ1,810 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር እኩል ያሞቃልና፤
• ከጥገና በኋላ የተሞላውን የጋዝ ዓይነት፣ መጠንና ቀን ጽፎ በመሣሪያው ላይ መለጠፍ።

10. ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ የአር-134ኤ ፍሪጅን ወደ አር-600ኤ መለወጥ ይቻላል?
መልስ፦ አይመከርም። የኮምፕረሰሩ የሲሊንደር ስፋት አይመጣጠንም፤ የኤሌክትሪክ ክፍሎቹም ብልጭታ በተቀጣጣይ ጋዝ ላይ አደጋ እንዳያስከትል ተደርገው አልተሠሩም።

ጥያቄ፦ ከሚያፈስ ፍሪጅ የወጣ ጋዝ ምግብን ይመርዛል?
መልስ፦ በቤት ፍሪጆች ውስጥ የሚገኙት አር-134ኤ እና አር-600ኤ መርዛማነታቸው ዝቅተኛ ነው። ዋናው ስጋት ቅዝቃዜው በመቋረጡ ምግቡ መበላሸቱ፣ በአር-600ኤ ደግሞ የእሳት አደጋው ነው።

ጥያቄ፦ የክትባት ማቀዝቀዣን ለሌላ ዓላማ መጠቀም ይቻላል?
መልስ፦ አይቻልም። አብዛኞቹ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት መቀመጥ አለባቸው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሙቀቱ ይዋዥቃል፤ አንዳንዶቹ ክትባቶች ደግሞ ከሙቀት ባልተናነሰ በቅዝቃዜ በረዶ ሲሆኑም ከጥቅም ውጪ ይሆናሉ።

ጥያቄ፦ የኦዞን ንጣፍ እየዳነ ነው?
መልስ፦ አዎን። እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ይፋ የሆነው የተባበሩት መንግሥታት ሳይንሳዊ ግምገማ የአሁኑ ጥረት ከቀጠለ የኦዞን ንጣፍ በአብዛኛው የዓለም ክፍል እ.ኤ.አ. በ2040፣ በአንታርክቲካ ደግሞ በ2066 ገደማ ወደ 1980 ይዞታው እንደሚመለስ አመልክቷል።

ማጠቃለያ

ጋዙን በሰሌዳው መሠረት መለየት፣ በሚዛን መሙላት፣ ለኮንዴንሰሩ አየር መስጠት እና የሚያፈስን መስመር ሳይጠግኑ ጋዝ አለማስሞላት የማቀዝቀዣን ዕድሜ የሚያራዝሙ፣ የኤሌክትሪክ ወጪን የሚቀንሱና ቤተሰብን ከአደጋ የሚጠብቁ ተግባራት ናቸው። የማቀዝቀዣ ጋዝ ወይም ጋዙን የያዘ መሣሪያ ከውጭ ለማስገባት የሚፈልጉ ተገልጋዮች ግዢ ከመፈጸማቸው በፊት ስለ ፈቃድ አሰጣጡ የኢትዮጵያ አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ሊያማክሩ ይገባል። የኦዞን ንጣፍ ጥበቃ ቀን በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 16 ታስቦ ይውላል።